ጎልን ማን አስተማረን?
የእንግሊዝኛ ቃልና የልጆች ጨዋታ በዳሞት ምድር

ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ በማንኩሳ በኩል ወደ ቡሬ የሚያልፍ መንገደኛ፣ አዝመራው ተሰብስቦ ማሳው ባዶ በሆነበት ወራት ግራና ቀኙን ቢመለከት እረኞች የጨርቅ ኳስ ሲያሯሩጡ ያያል። ቆም ብሎ ጆሮውን ቢያውስ ደግሞ «ጎል!»፣ «ኧረ ፋውል ነው!»፣ «ወግድ፣ ኦፍሳይድ ነህ!» ሲባል ይሰማል። ከነዚህ ልጆች መካከል ደብተር ይዞ የማያውቅ አለ። ደብተር የያዘውም ቢሆን «የመስኮት እንግሊዝኛው ምንድን ነው?» ቢሉት ጣራ ጣራውን ያያል። ኦፍሳይድን ግን ከነሕጉ ያውቀዋል፤ ማወቅ ብቻ አይደለም፣ ይጣላበታል።

ታዲያ ይህን ቃል ማን አስተማረው? መምህር አላስተማረውም። ሰሌዳ ላይ ተጽፎ አላየውም። ፈተና ላይም አልመጣበትም። ቃሉ የመጣለት ከጨዋታው ጋር ነው፤ ቃሉን ካላወቀ ጨዋታው ውስጥ መግባት አይችልምና አወቀው። ነገሩ ይኸው ነው። እንግሊዝኛ ወደ ጎጃም ገጠር በሁለት በር ገብቷል ብንል ማጋነን አይሆንብንም። አንዱ በር ትምህርት ቤቱ ነው፤ ደወልና ዘበኛ ያለው፣ መንግሥት በየዘመኑ ገንዘብ ያፈሰሰበት። ሁለተኛው በር ጨዋታው ነው፤ ይህን ማንም አልከፈተውም፣ ማንም አልዘጋውም። በሁለተኛው በር የገቡት ቃላት ጥቂት ናቸው፤ ነገር ግን ገብተው ቀርተዋል። በመጀመሪያው በር የገቡት ብዙ ናቸው፤ ስንቱ እንደቀረ ግን ዘጠነኛ ክፍል የደረሰ የገበሬ ልጅ ይመስክር። በዚህ ጽሑፍ የምንከታተለው ሁለቱ በሮች እንዴት ተለያይተው እንደኖሩና ምን እንዳስከፈሉን ነው።

ከራሳችን ቋንቋ እንጀምር። በአማርኛ «ጨዋታ» ስንል የልጆችን ሩጫና ድብብቆሽ ብቻ ማለታችን አይደለም። እንግዳ ቤት ገብቶ ዝም ሲል «ተጫወት እንጂ!» ይባላል፤ ተነሥተህ ዝለል ማለት አይደለም፣ ተናገር ማለት ነው። ወግ ጨዋታ ነው። ነገር የሚያጣፍጥ ሰው ጨዋታ ዐዋቂ ነው። እንግዲህ ቃልንና ጨዋታን አብሮ ማሰር በቅርቡ ከፈረንጅ አገር የመጣ ዘዴ የሚመስለው ሰው ካለ የገዛ ቋንቋውን ልብ አላለም ማለት ነው።

የዳሞት ገጠር ልጅ ትምህርት ቤት ሳይረግጥ የሚማርባቸው ሁለት የቃል ጨዋታዎች አሉ። አንደኛው እንቆቅልሽ ነው። ማታ፣ ከብቱ ከገባ በኋላ፣ እሳት ዳር ይጀመራል። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ይላል፤ ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይላል። የአንድ ነገር መልኩና ጠባዩ ይነገርና ስሙ ይደበቃል፤ ተጠያቂው ስሙን ፈልጎ ማውጣት አለበት። ካቃተው ጠያቂው «አገር ስጠኝ» ይለዋል። ጨዋታው የሚከርረው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ቃል ያጣ ልጅ አንድ አገር ይሰጣል። «ቡሬን ሰጠሁህ» ይላል። ተቀባዩ ይኮራል፣ «አይበቃኝም» ይላል። «እሺ፣ ደብረ ማርቆስን» ይባላል። አሸናፊው የተሰጠው አገር ሄዶ እንዴት እንደተቀበሉት፣ ምን እንደበላ፣ ምን እንደጠጣ፣ ለተሸናፊው ምን ምናምን እንደተረፈለት ሲያወራ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። መልሱ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። ያን መልስ የሰማ ልጅ ሁለተኛ አይረሳውም። እንዴት ብሎ ይረሳዋል? አንድ ከተማ ከፍሎበታል እኮ!

ሁለተኛው እንካ ስላንትያ ነው። የአንድ ነገር ስም ይጠራል፤ ወዲያው ያን ስም ይዞ ቤት የሚመታ ተረብ ይከተላል። ማሰቢያ ጊዜ የለም። የቀደመ ያሸንፋል፤ የዘገየ ይሳቅበታል። «በሬ» ሲባል የሰማ ልጅ በ«ሬ» የሚያልቁትን ቃላት ሁሉ በአንድ ትንፋሽ በልቡ ይፈትሻል። ቤት መምታት ማለት በጆሮ ቃል ማደን ነውና ይህን የሚያህል ልምምድ በየትኛው መማሪያ መጽሐፍ ይገኛል?

ጎጃም ደግሞ የቅኔ አገር ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ዲማ ስማቸው የታወቀው በዚሁ ነው። እዚህ ላይ ግን ነገሩን አናስውበው፤ በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ቆጠራው ላይ አለንጋ ነበረበት፤ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ የሰው ደጅ እየለመነ የሚማረው የቆሎ ተማሪም ኑሮው ጨዋታ አልነበረም። ሆኖም ቅኔ ቤት ሲደረስ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። ግሱ በቃል ይያዛል፤ በቃል መያዙ ግን ማንንም አያስከብርም። ተማሪው የያዘውን ቃል ሰምና ወርቅ አድርጎ ካልተጫወተበት፣ የቆጠረውን ቅኔ ይዞ መምህሩ ፊት ካልቀረበና ካልታረመ ተማረ አይባልም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የበዛብህን ትውልድ ማንኩሳ ላይ አደረጉት። ይህን ያደረጉት አገሩን ስለሚያውቁት ይመስለናል። ያ ልጅ ከዚህች ትንሽ ስፍራ ተነሥቶ በቃል ችሎታው ዲማ ይደርሳል፤ ኋላም የባላባት ልጅ እስከ ማስተማር። የቅኔ ቤቱ በር ግን ለሴት ልጅ የተከፈተው አልፎ አልፎ ነው፤ እንደ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ያሉ ሊቅ ከጎጃም ቢወጡም ለብዙዎቹ እኅቶቻችን ቅኔ ቤታቸው ያው የእሳት ዳሩ እንቆቅልሽ ነበር።

የፈረንጅ ቋንቋ ትምህርት በአገራችን ሲጀመር ይህ ሁሉ ሀብት ከደጅ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1908 የተከፈተው ዳግማዊ ምኒልክም፣ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው ተፈሪ መኰንንም ልዩ ልዩ ቋንቋ ያስተምሩ ነበር፤ የበላይነቱን የያዘው ግን ፈረንሳይኛ ነበር። ለዳሞት ገበሬ ሁለቱም ትምህርት ቤቶች እንደ ሰማይ የራቁ ናቸው። ወደ እሱ ደጅ የአውሮፓ ቋንቋ በብዛት የመጣው ከመምህር ጋር ሳይሆን ከወታደር ጋር ነው። ጣሊያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ ተቀመጠ። ሲወጣ የቀረው ቃል ምን ዓይነት ነው? እንደ ጎማ፣ እንደ ፍሬን፣ እንደ ፉርኖ ያሉት በሥራና በምግብ በኩል ገቡ። ካርታ፣ ዳማ፣ ካራምቦላ ደግሞ በጨዋታ በኩል። የፋሽስቱ ዐዋጅ ተረስቷል፤ ካራምቦላ ግን እስከ ዛሬ በየከተማው ቤቱ አለ። ሰው የሚጠላውን ጌታ ቋንቋ እንኳ የሚጫወትበት ከሆነ ይወስደዋል፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን ተሻግረው ገቡ። የዊንጌት የጌዴዎን ጦር ከጎጃም አርበኞች ጋር ሆኖ ሲገፋ፣ በየካቲት መጨረሻ ጣሊያን ቡሬን ለቆ በማንኩሳና በደምበጫ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ አፈገፈገ። ቀድሞ ወጀት ትባል በነበረችው በፍኖተ ሰላም አጠገብ ያለው መንገድ እንግሊዝኛ የሚናገር መኮንን ያን ጊዜ አየ። ከነጻነት በኋላ ፈረንሳይኛ ወርዶ እንግሊዝኛ ተተካ፤ መማሪያውም፣ መፈተኛውም፣ የመንግሥት ሥራ መግቢያውም እሱ ሆነ። የዳሞት ልጅ ዕጣ ከዚህ ቋንቋ ጋር የተሳሰረው በዚህ ዓይነት ነው። ልጁን ማንም አላማከረውም።

በየወረዳው ከተማ ትምህርት ቤት ሲከፈት እንግሊዝኛው የተሰጠበት መንገድ ምን ይመስል ነበር? መምህሩ እስክሪብቶ ከፍ አድርጎ «ዚስ ኢዝ ኤ ፔን» ይላል፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይደግማል። በዘመኑ በብዙ አገር የሚሠራበት ዘዴ ስለሆነ መምህሩን አንወቅሰውም። ጥቅምም ነበረው፤ ምላስን ያፍታታል፣ ፍርሃትን በብዛት ይደብቃል። ጉድለቱ አንድ ነው፤ የተደበቀ ነገር የለውም። እስክሪብቶ መሆኑን ሁሉም ያያል፤ ማንም አልጠየቀም፣ ማንም አልተቸገረም። እንቆቅልሽ ለምዶ የመጣ ልጅ ስም የሚጠራው ስሙ ሲጠፋ ነው። እዚህ ግን ያልጠፋ ነገር ፈልግ ይባላል። እሱም ዜማውን ይይዝና ቃሉን ይጥላል። ብዙዎቻችን ትርጉሙን ሳናውቅ አሳምረን የምንደግመው የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ያለን ለዚህ ነው።

ሌላም ችግር ነበረ፤ ይኸውም የፊደል ነው። በእኛ ፊደል የተጻፈው ይነበባል። «ቢላዋ» ተብሎ የተጻፈ ቢላዋ ነው፤ ሌላ ሊሆን አይችልም። በዚህ ታማኝ ፊደል ያደገ ልጅ የእንግሊዝኛውን «ናይፍ» ተጽፎ ሲያየው ፊቱ ላይ አንድ ኬ ተገትሮ ያገኛል፤ ይነበብ ቢሉ አይነበብም፣ ይሰረዝ ቢሉ አይሰረዝም። ልጁ ደደብ መስሎት በራሱ ያፍራል እንጂ ጥፋቱ የኬ መሆኑን ማን ነግሮት! ስለዚህ ቃሉን ዓይን ከማየቱ በፊት ጆሮ ሊለምደው ይገባ ነበር። ጆሮ ደግሞ የሚለምደው በጨዋታ ነው። ትምህርት ቤቱ ግን የጀመረው ከሰሌዳው ነው።

በ1950ዎቹ ሦስት ነገሮች ተከታትለው መጡ። በ1955 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን የአሜሪካ ፒስ ኮር መምህራን፣ መጀመሪያ ወደ 280 የሚጠጉ፣ ገብተው በየጠቅላይ ግዛቱ ተበተኑ። በ1956 ዓ.ም. አማርኛ የአንደኛ ደረጃ መማሪያ ቋንቋ ሆነ። በ1957 ዓ.ም. ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት ክፍለ ሀገር ወርደው እንዲያገለግሉ ተደነገገ፤ አብዛኞቹም መምህራን ሆነው ወረዱ። አማርኛው መግባቱ ትክክል ነበር፤ ልጅ ሒሳብን በማያውቀው ቋንቋ መማሩ ግፍ ነው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ እንግሊዝኛ ለትንሹ ልጅ ቀኑን ሙሉ የሚሰማው ሳይሆን በአንዲት ክፍለ ጊዜ የሚጎበኘው እንግዳ ሆነ። አሜሪካኖቹም ሆኑ የእኛው ቀደምት ተማሪዎች በብዛት የተመደቡት ከፍ ባሉት ክፍሎች ነው። የጨዋታ ጠባይ የነበራቸው ወጣት መምህራን ከጨዋታ ዕድሜ ካለፉት ልጆች ጋር ተገናኙ፤ ትንንሾቹ ለብቻቸው ቀሩ። ማነው ይህን ያሰበበት? ማንም።

ደርግ ሲመጣ እንግሊዝኛ ከ3ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት ይሰጥ ነበር፤ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ የትምህርት ሁሉ ቋንቋ ይሆናል። ማለት አንድ ልጅ በአራት ዓመት ውስጥ፣ በሳምንት በተቆጠሩ ክፍለ ጊዜያት፣ ጂኦግራፊንና ባዮሎጂን የሚሸከም ቃል መሰብሰብ ነበረበት። በምንባቡ ሥር የቃላት ዝርዝር ነበረ፤ ይገለበጣል፣ ይጠናል፣ ይፈተናል፣ ይረሳል። ሬዲዮውም ትምህርት ያሰማ ነበር። በሰፊው የሚወራለት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ተጀምሮ ለአገራችን የዩኔስኮን ሽልማት ያስገኘው በእናት ቋንቋዎቻችን ነውና ለዚህ ጉዳይ ሩቅ ዘመድ ነው፤ አልፈነው እንሂድ።

የሚያስቆጨው በዚያው ዘመን ሌላው ዓለም ነገሩን እያገላበጠ መመርመሩ ነው። ቃልን ከሥዕልና ከጨዋታ ጋር ማስተማር እዚያም አዲስ አልነበረም፤ የሞራቪያው ኮሜኒየስ እ.ኤ.አ. በ1658 ለልጆች ቋንቋ መማሪያ የሥዕል መጽሐፍ አሳትሟል። እ.ኤ.አ. በ1965 ሊ የተባለው እንግሊዛዊ በቋንቋ ማስተማሪያ ጨዋታዎች ላይ ራሱን የቻለ መጽሐፍ አወጣ፤ በ1979 ደግሞ እነራይት በካምብሪጅ በኩል ሌላ አሳተሙ፤ ይኸኛው እስካሁንም በመምህራን እጅ ይገኛል። ሁለቱም መጽሐፍ ውስጥ ያለውን ዋና ነገር የዳሞት አያት ታውቀዋለች፦ የሚናገረው ሰው ሌላው የማያውቀው ነገር ይኑረው፤ የሚሰማውም ያን ለማወቅ ይቸኩል። እነሱ ጻፉት፤ እኛ እሳት ዳር ተውነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ አዘዘ። ውሳኔው በወረቀት ላይ ቀላል ነው። በተግባር ግን በጃቢ ጠህናን ወይም በወንበርማ ቀበሌ ውስጥ፣ የመጀመሪያውን እርከን ትምህርት ሁሉ ብቻዋን የምታስተምር አንዲት መምህርት፣ አማርኛውንም ሒሳቡንም ይዛ፣ እንግሊዝኛም ጨምሪበት ተባለች። እሷ ራሷ እንግሊዝኛ የተማረችው ያንኑ «ዚስ ኢዝ ኤ ፔን» እየደገመች ነው። ኋላ የወጡት መማሪያ መጻሕፍት ሥዕልም መዝሙርም ጨዋታም ይዘው መጥተዋል፤ ይህን መካድ አይገባም። ዳሩ ግን በመጽሐፍ የመጣ ጨዋታ ሁልጊዜ ዕቃ ይፈልጋል፤ ባለቀለም ካርድ፣ ዳይስ፣ መቀስ፣ ማባዣ። ዕቃው የለም፤ ስለዚህ «ጨዋታ» የሚለው ገጽ ይዘለላል።

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ምክንያቱም መፍትሔው ደጃችን ላይ ተቀምጧል ብለን እናምናለን። እንቆቅልሹን ራሱን እንውሰድ። አንድ ልጅ ይነሣና በቀላል እንግሊዝኛ «ኢት ሃዝ ፎር ሌግስ፤ ኢት ጊቭስ ሚልክ» ይበል። የወዲያኛው ረድፍ «ካው» ማለት አለበት። ካቃተው «ጊቭ ሚ ኤ ታውን» ይባላል፤ «ቴክ ቡሬ» ይላል። አሁን ነው ተአምሩ። አሸናፊው እንደ ባህሉ ቡሬ ሄዶ ያደረገውን ማውራት አለበት፦ «አይ ዌንት ቱ ቡሬ፤ አይ ኤት፤ አይ ድራንክ፤ አይ ስሌፕት»። ሰሌዳ ላይ በሠንጠረዥ ተጽፈው ስንቱን ያስለቀሱት እነዚያ ሥርዓት የለሽ ግሶች፣ ሄድሁ፣ በላሁ፣ ጠጣሁ፣ ተኛሁ፣ ሁሉም በአያቶቻችን ጨዋታ ውስጥ ቦታቸው ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸው ነበር። ሰዋስው ያስተማርን ሳይመስለን አስተማርን ማለት ነው።

ሰኞ ማክሰኞም አለ። ሴቶች ልጆች መሬት ላይ ቤት አስምረው በአንድ እግር የሚዘሉበት ጨዋታ ስሙ ራሱ የሳምንቱን ቀን ይቆጥራል። በየቤቱ መንደይ፣ ቲዩዝደይ እያሉ መዝለል ምን ያስቸግራል? ሰባቱ ቀን ሲያልቅ ቤቶቹ ለወር፣ ለቀለም፣ ለሰውነት ክፍል ይውላሉ፤ ቃሉን ሳትጠራ የዘለለች ትወጣለች። ወጪው አንድ ጠጠር ነው።

የቡሬ ገበያም ለዚህ ይሆናል። ኪፕሊንግ እ.ኤ.አ. በ1901 ባሳተመው «ኪም» በተባለ ልብ ወለድ ውስጥ ልጁ የተለያየ ዕቃ ለጥቂት ጊዜ ያይና ተሸፍኖበት ያየውን እንዲናገር ይደረጋል፤ ጨዋታው ኋላ በስካውቶች በኩል ዓለምን አዳርሷል። ለእኛ ልጆች ዕንቁ አያስፈልግም። ነጠላ ይነጠፍና በላዩ በርበሬ፣ ሽንኩርት፣ እንቁላል፣ ጨው፣ የበቆሎ ራስ፣ ሎሚ፣ ቁልፍ ይደረደራል። ልጆቹ ያያሉ፤ ይሸፈናል፤ አንዱ በስውር ይነሣል። የጎደለውን በእንግሊዝኛ የጠራ ያሸንፋል። ማታ ሽንኩርቱ ወደ ድስት ይገባል፤ የባከነ ነገር የለም። ቢንጎ ለመጫወትም ከዘጠኝ ቤት ወረቀትና ከእፍኝ በቆሎ ሌላ አይጠየቅም፤ ዳሞት ደግሞ በበቆሎ አይታማም።

ኳሱንስ ለምን እንተወዋለን? ዳኛ የሆነ መምህር «ፋውል» ብሎ የጮኸውን ሁሉ አይስማ፤ «ሂ ፑሽድ ሚ» ላለው ብቻ ይፍረድ። አንዲት ፍጹም ቅጣት ምት ለማግኘት የማይማረው ዓረፍተ ነገር የለም።

ይህን ስንል የሚነሣብን ተቃውሞ እናውቀዋለን፤ ከፊሉም እውነት ነው። አንደኛ፣ ሰባና ሰማንያ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ጨዋታ ጩኸት ነው፤ ጎረቤት ክፍል ይረበሻል፤ ርእሰ መምህሩ በመስኮት ብቅ ይላል፤ መምህርቷ ሥራ የፈታች ትመስላለች። ለዚህ መልሱ ሜዳው ነው፤ የገጠር ትምህርት ቤት ሁሉ ቢያጣ ቢያጣ ሜዳ አያጣም። ሁለተኛ፣ ወላጅ «ልጄን ለጨዋታ አልላክሁም፣ ለዚህማ ከብት በጠበቀልኝ» ይላል። ይህ ከባድ ነው። ልጁን ከእርሻ ቀንሶ የላከ ገበሬ የሰጠው የጉልበት ግብር ነውና ዝም በል አይባልም፤ ልጁ ማታ እቤት ገብቶ የመድኃኒቱን ብልቃጥ ጽሑፍ ሲያነብለት ግን መልሱን ያገኛል። ሦስተኛው ለእኛ ከሁሉ የሚከብደን ነው፤ ጨዋታ ጮሌውን ያሳድጋል፣ ዝምተኛውን ይቀብራል። ሁልጊዜ የሚያሸንፍ አንድ ልጅ አለ፤ ሁልጊዜ ከኋላ የምትቆም አንዲት ልጅ አለች። ስለዚህ ረድፍ ከረድፍ ይጋጠም፤ መልሱን አንዱ ያወቀው እንደሆነ በረድፉ ሁሉ ጆሮ ለጆሮ ተሾክሹኮ የመጨረሻዋ ልጅ ትናገረው። ሽክሹክታው ራሱ ትምህርት ነው፤ ለጩኸቱም መድኃኒት ይሆናል።

አንድ ነገር ደግሞ እኛው እንጨምር። በጨዋታ የተያዘ ቃል ተመልሰው ካልመጡበት ይሄዳል፤ የዕቃ ስም ብቻ ሰብስቦም ቋንቋ አይሆንም። ሁለት መቶ የዕቃ ስም የሚያውቅና «ስለዚህ»ን፣ «ነገር ግን»ን፣ «ካልሆነ»ን የማያውቅ ልጅ መጋዘን እንጂ ተናጋሪ አይደለም። ጨዋታ የቃሉ መግቢያ ነው፤ ንባብ ካልተከተለው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። እንግሊዝኛውም በአማርኛው ቦታ ይግባ አንልም። እ.ኤ.አ. በ2006 ለትምህርት ሚኒስቴር የቀረበው የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት በእናት ቋንቋቸው ረዘም ላለ ጊዜ የተማሩት ልጆች የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል። ትንሹ ልጅ ከእንግሊዝኛ የሚፈልገው ጆሮና ቃል ነው፤ ሳይንሱን በአማርኛው ይማር።

ይህ ሁሉ ለምን ያስጨንቀናል? ልጁ 9ኛ ክፍል ሲገባ ፊዚክሱም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይመጣበታል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲነገር 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ሁሉ የእንግሊዝኛ ጥፋት ነው አንልም፤ የመምህር ኑሮም፣ የመጽሐፍ እጦትም፣ ጦርነትም አለበት። ነገር ግን የሒሳቡ ጥያቄ የተጻፈው በምን ቋንቋ ነው? ጥያቄውን ያላነበበ ምን ይመልሳል? ከተማ ያደገው ፊልሙም ስልኩም ያግዘዋል። ከወንበርማ የመጣው የያዘው ሰሌዳ ላይ ያየውን ብቻ ነው።

ኋላ ደግሞ ሰሌዳውም ጠፋ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሁሉ ተዘጋ። ከዚያ ተከፍቶ ብዙም ሳይቆይ፣ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት ፍኖተ ሰላምንም ቡሬንም ደረሰ፤ በክልሉ በርካታ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ውጭ ሆኑ። መምህሩ ተበተነ፣ ልጁ ወደ ከብቱ ተመለሰ። በነዚያ ወራት ያልተዘጋው ያ ሁለተኛው በር ብቻ ነው። ኳሱ ይንከባለላል፤ እሳት ዳር እንቆቅልሽ ይባላል፤ ሰኞ ማክሰኞ ይዘለላል። ስምንተኛ ክፍል ደርሳ ያቋረጠች እኅት ለታናናሾቿ አገር በእንግሊዝኛ ብትቀበል ወረቀትም ደወልም አያሻትም፤ የሚያስፈልጋት የጨዋታው ሕግ ነው፤ እሱን ደግሞ ከእኛ አስበልጣ ታውቀዋለች።

ስለዚህ አንድ ሥራ ጀምረናል። ከፍኖተ ሰላም መምህራን ትምህርት ኮሌጅም ሆነ ከሌላ ቦታ ይህን መጽሔት የምታነቡ፣ በተለይ ከገጠር የመጣችሁ፣ በቀበሌያችሁ ልጆች የሚጫወቱትን የቃል ጨዋታ ከነሕጉ ጽፋችሁ ላኩልን። እንቆቅልሽ ላይ ተሸናፊው ስንት ጊዜ አገር ይሰጣል? ሽንዲ ላይ ሰኞ ማክሰኞ ስንት ቤት አለው? ሰከላ ላይስ ጠጠሩ በእግር ይገፋል ወይስ በእጅ ይነሣል? ጽሑፉ በእጅ ቢሆንም ግድ የለም፤ ስቴንስሉን እኛ እንመታለን።